አሥራ አራት አንገትና አንድ የጨው ቋጠሮ

ነገሩ በጠቅላላ ያስወጣኝን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፦ አንድ ብስክሌት፣ አንድ ዛፍ፣ ዘጠኝ ጥቅል ነጭ ክር፣ ሁለት የአልጋ አንሶላ፣ እንዲሁም ከቀበሌያችን ሊቀመንበር ጋር የነበረኝ የጠዋት ሰላምታ። ሰላምታን ከኪሳራ የማይቆጥር ሰው ያን ዘመን አያውቀውም። ያኔ ሊቀመንበር "እንዴት አደርክ" ካለህ ቀንህ ተሠራ ማለት ነው። ዝም ብሎህ ካለፈ ግን ሱቅህን ከመክፈትህ በፊት ቁጭ ብለህ ምን እንዳጠፋህ ታስባለህ፤ ደግሞም አታጣም።

ይህን ሁሉ ያስወጣኝ ስኳር መደበቅ ወይም የሱዳን ሽቶ ማሾለክ ቢሆን ኖሮ ባልቆጨኝ። ያስወጣኝ አበባ ነው።

ሱቄ ጋምቤላ ውስጥ፣ ከድሮው ወደብ ብዙ ሳይርቅ፣ ወደ ባሮ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ላይ ነበረች። ከጎሬ በሃያ ሦስት ዓመቴ ወርጄ የከፈትኳት ናት። ጨው፣ ሳሙና፣ የዓሣ መንጠቆ፣ ክር፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ሲገኝ ስኳር እሸጣለሁ። ሻማም ነበረኝ፤ ግን ሻማዬ ሁሉ በሙቀቱ ጎንበስ ብሎ ነው ደንበኛ የሚቀበለው። "ቀጥ ያለ ሻማ የለህም ወይ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ከተገኘ፣ በዚያው ሳምንት ከደጋ የተመደበ መምህር መሆኑን አውቃለሁ።

በሱቄ በር ላይ አንዲት ዛፍ ነበረች። ስሟን የሚያውቅ አላገኘሁም። ወደ ካርቱም የሚሄደው መርከብ በነበረበት ጊዜ እዚያ ይነግድ የነበረ አንድ ግሪክ ነው የተከላት ይባላል። ቅርንጫፎቿ ያበጠ ጣት ይመስላሉ፤ ሲቆርጧት ነጭ ወተት ታፈሳለች። ሚያዝያ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሙቀት ሲጠወልግ፣ እሷ ቅጠል እንኳ ሳታወጣ በነጭ አበባ ትሸፈናለች፤ መሐሉ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ የሆነ፣ ሽታው እስከ ወንዙ የሚወርድ አበባ። እኔ ግን አላከብራትም ነበር። ፍየል አይበላትም፤ ፍየል የማይበላውን ነገር ደግሞ ሰው አይገዛውም የሚል የራሴ ሒሳብ ነበረኝ።

ሒሳቤን ያበላሸችው ሲስተር ደሴት ናት።

ሲስተር በኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ የምትሠራ ነጭ ነርስ ነበረች። ሃዋይ ከምትባል ደሴት ነው የመጣችው። የደሴቲቱ ባለቤት አሜሪካ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። ግን በዚያን ጊዜ አንድን ሰው "አሜሪካዊ" ብሎ በአደባባይ መጥራት ለተጠሪውም ለጠሪውም ስለማይበጅ፣ ከተማው ስብሰባ ሳይጠራ ተስማምቶ "ሲስተር ደሴት" አላት። የካምፑ መኪና ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመጣ ሳሙናና ክር ከእኔ ትገዛ ነበር። አማርኛዋ ጥቂት ነበር፤ የጎደለውን በእጇና በሳቋ ትሞላዋለች።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ዛፏን ቀና ብላ አየች። የአገሯን ሰው ድንገት መንገድ ላይ ያገኘች ነው የመሰለችኝ። ከዚያ የጨው ጆንያ ላይ ተቀመጠችና መርፌ ጠየቀችኝ። የጆንያ መርፌ ሰጠኋት፤ አበባውን ቀደደው። ዙሪያዋን ስታይ ዓይኗ ብስክሌቴ ላይ አረፈ። ከፊት ጎማዋ ቀጫጭን ሽቦዎች አንዱን እንድነቅልላት ለመነችኝ። ያቺ ብስክሌት ከአገልግሎት መውጣት የጀመረችው በዚያች ደቂቃ ነው። ሲስተር የሽቦውን ጫፍ ድንጋይ ላይ ሳለች፣ በሌላው ጫፍ ክሩን አሰረች፣ ከዚያ በዋዜማው ቀጥፋ ከኢታንግ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ያመጣቻቸውን ተመሳሳይ አበቦች በመሐላቸው እየወጋች ደረደረች። ካምፑም ውስጥ እንዲህ ያለች ዛፍ አግኝታ ኖሯል። ስትጨርስ ሁለቱን ጫፍ ቋጥራ አንገቴ ላይ አጠለቀችው። በአገሯ "ሌይ" ይሉታል። ለመጣ፣ ለሚሄድ፣ ለተመረቀ፣ ለተጋባ፣ ወይም እንዲሁ ለወደዱት ሰው የሚሰጥ ነው።

ስንት እንደሚሸጥ ጠየቅኳት። እስኪያስላት ሳቀች። አይሸጥም፤ ይሰጣል እንጂ።

ከዚያ ደንቡን ነገረችኝ፤ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አበባው ከተቀጠፈ በኋላ ወተቱ እስኪደርቅ ማደር አለበት። ቸኩለህ ከሰፋኸው ወተቱ ከላብ ጋር ተደባልቆ አንገት ይበላል። ሁለተኛ፣ የተሰጠህ ሰው በሰጪው ፊት አታወልቀውም፤ ካወለቅከው "ያንተን መልካም ምኞት አልፈልግም" እንደማለት ነው።

ሲስተር እስከ አሥር ሰዓት ከተማ ውስጥ ስለነበረች፣ እኔም እስከ አሥር ሰዓት አበባ በአንገቴ አጥልቄ ጨው ሸጥኩ። በእኛ አገር የአበባ ጉንጉን የሚታወቀው ሐውልት ሥርና ሬሳ ላይ ነው። የገባው ደንበኛ ሁሉ ማን እንደሞተብኝ እየጠየቀ፣ አንዳንዱም ሳይጠይቅ "እግዜር ያጽናህ" እያለኝ ወጣ። አንድ ሰውዬ ከሐዘኔ የተነሳ ዋጋ ሳይከራከረኝ ገዛ። ነገሩን ያን ጊዜ መናቅ ተውኩ።

አሁን ስለ አሪየት መናገር አለብኝ፤ መዘግየት ልማዴ ነው።

አሪየት የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና አሻጊ፣ ነበረች፤ የአኙዋክ ልጅ፣ የካፒቴን ኦሞት ልጅ። ካፒቴን የሚሉት ከተማው ነው እንጂ ሰውዬው በመርከቡ ዘመን ገመድ ሳቢ ነበሩ። ግን መርከቡ ከቀረ በኋላ መርከብ ላይ የነበረ ሰው እየጠፋ ሲሄድ፣ እሳቸው በዕድሜ ማዕረጋቸው እያደገ ካፒቴን ላይ ደረሱ። አሪየት በሳምንት አንድ ቀን መጥታ አንድ ሳሙና ትገዛለች። እኔ ሳሙናውን በወረቀት ጠቅልዬ እሰጥና "ሌላስ?" እላለሁ። "ሌላ የለም" ትላለች። ትሄዳለች። ይህ ሁለት ዓመት ቆየ። ከደጋ ከመጣ የጨው ነጋዴ ጋር ለመነታረክ አፌ አይያዝም ነበር፤ እሷ ፊት ግን ከ"ሌላስ" የሚያልፍ ቃል ወጥቶልኝ አያውቅም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ አንድ ደንበኛ ሳንቲሙን እየቆጠረ፣ አሪየት ለአንድ ዓመት ተኩል ሥልጠና ወደ ጅማ እንደምትሄድ ነገረኝ፤ በመጪው ሰኞ። ጅማን አውቃታለሁ። ነጋዴ የሞላባት ከተማ ናት፤ ሁሉም ደግሞ አንደበት ያላቸው።

በዚያው ሐሙስ ማምሻውን ከዛፏ ስልሳ አበባ ቀጠፍኩ። በነጭ አንሶላ ላይ አንድ በአንድ፣ የተቀጠፉበትን ጫፍ ወደ ታች አድርጌ ደረደርኩና ወተታቸው እንዲደርቅ አሳደርኩ። ዓርብ ጠዋት ሱቅ ሳልከፍት በብስክሌቷ ሽቦ ሰፋኋቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ነገር የለም። መጨረሻ ላይ ሲስተር የቋጠረችበት አቋጣጠር ስለጠፋኝ በማውቀው ቋጠሮ ቋጠርኩት፤ የጨው ከረጢት አፍ በምቋጥርበት፦ ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ጫፉ ተመልሶ ውስጥ የሚደበቅ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ፣ አንገቷ ላይ አጠልቃለሁ፣ አበባው የሚለውን ይላል፣ እኔ እመለሳለሁ።

ጤና ጣቢያው ልደርስ መቶ እርምጃ ሲቀረኝ ሊቀመንበሩ አገኘኝ።

"ማን ሞተ?" አለ።

"ማንም አልሞተም፣ ጓድ።"

"ታዲያ ጉንጉኑ?"

ያን ጊዜ "ለአሪየት ነው" ብል ኖሮ ይህ ወግ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ብስክሌቴም ዛሬ ድረስ በኖረች። እኔ ግን ከአፌ የወጣው "የእንግዳ መቀበያ ነው" የሚል ነበር።

የሊቀመንበሩ ፊት በራ። ለካ በዚያው ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በአልዌሮ በኩል የሚሠራውን ግድብ ሊጎበኝ የመጣ ትልቅ እንግዳ ከተማችን ያልፋል፤ ሊቀመንበሩም ሌላው ቀበሌ ያላሰበውን ነገር ሲፈልግ ነው ያደረው። ሌዩን ከእጄ ወስዶ አየው፣ አሸተተው። የየት አገር ባህል እንደሆነ ጠየቀኝ። የደሴት ነው አልኩት።

"የኩባ በለኛ!"

አዎም አላልኩ፣ አይደለምም አላልኩ። ነጋዴ ነኝ።

ነገሩን ለማስጠላት የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር። ደንቡ አስቸጋሪ ነው፣ አንዴ ያጠለቀ ሰው ሰጪው ፊቱ ቆሞ እያለ ማውለቅ አይችልም አልኩት። ይተወዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። "ይህ ነው ዲሲፕሊን" አለና፣ ለእንግዳው የተሠራው አለ፣ መድረክ ላይ ለሚቀመጡት ለሌሎቹ አሥራ አራት ሰዎች እስከ ስምንት ሰዓት እንዲደርስ አዘዘኝ። የራሱ ከሌሎቹ ትንሽ ወፈር እንዲልለት አስታወሰኝ።

አራት የሴቶች ማኅበር አባላት ተላኩልኝ። ዛፏን ተረባርበን ዕርቃኗን አስቀረናት። ወተቱ እንዲደርቅ ማሳደር የሚባለውን አልረሳሁትም፤ ዋሽቼ አላውቅም ነበር አልልም፣ ይህን ግን አልረሳሁም። ነገር ግን ያለን ጊዜ አራት ሰዓት ነው። አበባውን ሁለተኛ አንሶላዬ ላይ ዘርግተን የባሮ ውሃ ረጨንበትና ወተቱ ታጥቧል ብለን እርስ በርሳችን ተማመንን። ሁለቱም አንሶላዎች ከዚያ በኋላ ጥቁር ነጥብ በነጥብ ሆነው ቀሩ፤ በኋላ ያየ ሰው ሁሉ ነብር የተኛበት ይመስለው ነበር። ሴቶቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው መርፌ ይፈልጋሉ። አንድ ሽቦ ነቀልኩ፣ ሁለት ነቀልኩ፤ ይጣመማል፣ ሌላ እነቅላለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ጭኜ ወደ መድረኩ ስበር፣ የፊት ጎማዬ ድልድዩን ሳያልፍ እንደ እንጀራ ታጠፈ። የቀረውን መንገድ ብስክሌቷን ተሸክሜ ሄድኩ።

እንግዳው በሰዓቱ መጣ። መነጽር ያደረገ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ሊቀመንበሩ ሌዩን በእጄ አስይዞ ወደ ፊት ገፋኝና በድምፅ ማጉያ የወንድማማች የኩባ ሕዝብ ባህል መሆኑን፣ ሰጪው በቆመበት እንደማይወልቅም አብራራ። አጠለቅኩለት። ለአሪየት የሠራኋት፣ ወተቷ ደርቆ ያደረችው ሌይ፣ ቁልፉ እስከ አንገት በተቆለፈ ሸሚዝ ላይ አረፈች።

እንግዳው አበባውን ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ "እኔ ኩባ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ" አለ።

ሊቀመንበሩ አየኝ። እኔ ባሮን አየሁ።

"ይህን ግን አላየሁም" ብሎ ትንሽ አሰበ። "ገጠሩን አልዞርኩም ነበር።"

እንዲህ ተረፍኩ። እንግዳው ነገሩ ልቡን ነክቶት ኖሮ፣ ይህ ታጋይ ቆሞ እስካለ ድረስ እኔም አላወልቀውም ብሎ ቃል ገባ። ታጋይ የተባልኩት እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩም እንግዳው ሁልጊዜ እንዲያየኝ መድረኩ ሥር፣ ፀሐይ ላይ፣ አቆመኝና ንግግሩ ተጀመረ።

ሩብ ሰዓት ያህል ሰላም ነበር። ከዚያ በግራ በኩል የተቀመጠው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ትከሻውን ሲሰብቅ አየሁ። ቀጥሎ አጠገቡ ያለው አንገቱን እንደ ዔሊ ወደ ሸሚዙ ሊያስገባ ሞከረ። ላብ ሲወርድ ወተቱ ነቅቶ ነበር። ሊቀመንበሩ፣ የሱ ወፈር ያለው ነውና፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንግዳው ስለ መስኖ እያወራ ዘወር ሲል እንባውን አየና ድምፁ ይበልጥ ሞቀ፤ ንግግሩንም አስረዘመው። አሥራ አራቱም ሰው ግን የሚያየው እኔን ነበር። መጀመሪያ በምስጋና መሰለኝ። ፈገግ ብዬ እጅ ነሳሁ። ከዚያ በልመና መሆኑ ገባኝ፤ "ሂድልን" እያሉኝ ነው። እኔ ደግሞ የቆምኩት በትእዛዝ ነው፤ በትእዛዝ የቆመ ሰው በዚያ ዘመን በራሱ ሐሳብ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ቆምኩ። እነሱም ተቃጠሉ። እንግዳው ብቻ፣ እንደ ንጉሥ ደልቶት፣ ስለ ሩዝ ምርት ቀጠለ።

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ጎንበስ ብሎ ጥርሱን ሳይገልጥ፣ "ሂድ" አለኝ።

"ወዴት፣ ጓድ?"

"የትም።"

መድረኩ አጠገብ ካለው የማንጎ ዛፍ ጀርባ ስገባ አሥራ አራት ጥንድ እጅ ባንዴ ወደ አንገት ወጣ። ሕዝቡ ማጨብጨቢያው የደረሰ መስሎት ደማቅ ጭብጨባ አሰማ።

የቀረውን ያየሁት ሳይሆን የሰማሁት ነው። እንግዳው ከመድረክ ወርዶ ጤና ጣቢያውን ጎበኘ። የቀዘቀዘ ውሃ የሰጠችው ድሬሰሯ ናት። እኔ አጠገቡ ስላልነበርኩ ሌዩን አወለቀና፣ "ለአገልግሎትሽ" ብሎ አሪየት አንገት ላይ አጠለቀው። ያቺ ሌይ መድረሻዋን አልሳተችም። በመንግሥት በኩል ዞራ ሄደች እንጂ። መኪናው አቧራ አስነስቶ ሲሄድ፣ አሥራ አራቱ የመድረክ ሰዎች ተሰልፈው በዚያችው ድሬሰር እጅ ነጭ ቅባት ሲቀቡ አመሹ፤ እያንዳንዱም የአበባውን ሠሪ ስም ሳትጠይቀው ነገራት።

በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ ሊቀመንበሩ አንገቱ ነጭ ሆኖ ሱቄ መጣ። "አሻጥር" የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ሳለ ቆም አለና አሰበ። አበባው መርዝ ነው ካለ፣ መርዝ ከትልቁ እንግዳ አንገት ላይ ያንጠለጠለው ማን ሊባል ነው? እንግዳው ደግሞ ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም የምስጋና ደብዳቤ ሊጽፍለት ቃል ገብቷል። ስለዚህ ጥፋተኛዋ ዛፏ ሆነች። ጠዋት እንድትቆረጥ ወሰነባትና ሳይሰናበተኝ ወጣ። ሰላምታው የቀረው ከዚያ ዕለት ጀምሮ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥረቢያ ይዘው ዛፏ ላይ ሲወርዱ፣ ካፒቴን ኦሞት ብቅ አሉ። በእጃቸው የጠወለገች ሌይ አለች። ገቡና የጨው ጆንያው ላይ ተቀመጡ።

"አንተ ነጋዴ" አሉ። "ትናንት ልጄ ይህን አንገቷ ላይ አድርጋ መጣች። ትልቅ ሰው አደረገልኝ አለች። ሰፈር ሁሉ መጣ። በእኛ ዘንድ ለሴት ልጅ ቤት በክር የተሰካ ነገር ያመጣ ሰው የጋብቻ ወሬ ጀመረ ማለት ነው። እኔ አልተኛሁም።"

እኔም አልተኛሁም ነበር፤ አልነገርኳቸውም።

ሌዩን ገልብጠው ቋጠሮውን በአውራ ጣታቸው ወደ ላይ አወጡት። "እኔ መርከብ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ገመድ ቋጥሬአለሁ። ይህ የመንግሥት ቋጠሮ አይደለም። በየወሩ ጨው ከአንተ እገዛለሁ፤ ይህን ቋጠሮ በጥርሴ ነው የምፈታው። አንድ ጥርሴ በዚህ ወልቋል።" ወደ እኔ ዞሩ። "ስለዚህ ንገረኝ። ልጄን የፈለገው መንግሥት ነው ወይስ አንተ ነህ? መንግሥት ከሆነ እምቢ ማለት አልችልም። አንተ ከሆንክ እችላለሁ።"

ሁለት ዓመት ተዘግቶ የነበረ አፍ መከፈቱ ይከብዳል። ግን ከውጭ የዛፏ ትልቁ ቅርንጫፍ ሲወድቅ ሰማሁና፣ ሌላ የማጣው ነገር እንደሌለ ተሰማኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ጥሩ" አሉ ካፒቴን፤ ትከሻቸው ላይ የነበረው ሸክም ወረደላቸው። "እምቢ።"

ከዚያ ግን አልተነሱም። ውሃ ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው። ቀስ እያሉ ነገሩን አስረዱኝ። በእነሱ ወገን ለጥሎሽ የሚሄድ ሰማያዊ ዶቃ አለ። የካፒቴን አያት የሰጡት ዶቃ እስከዚያን ቀን ድረስ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ መንግሥት ቢከለክልም አልቆመም፣ አንዲት ፍሬ አልተሰበረችም። የእኔ ግን ይኸው፣ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ተሰጥቶ ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ሞቷል። ምሳ ሳይበላ የሚሞት ነገር ይዞ ሰው እንዴት ለሴት ልጅ ይመጣል?

ዕቃዬ ዋስትና እንደሌለው ራሴም አውቃለሁ።

ካፒቴን ሲወጡ ከተጋደመችው ዛፍ አንዲት ክንድ የምታህል ቅርንጫፍ መዝዘው በብብታቸው ያዙ። ግሪኩ ሲተክላት ወጣት ሆነው አይተዋል፤ ያቺም መጀመሪያ እንጨት ብቻ ነበረች፣ ከመርከብ የወረደች። "ይህን ግቢዬ ውስጥ እተክላለሁ። አበባ ካወጣች ትመጣለህ። ወተቱን አድርቀህ ትሠራለህ። ያን ጊዜ እምቢ የሚለውን እንደገና አስብበታለሁ።"

ሰኞ ጠዋት ወደ ጎሬ የሚወጣው የጭነት መኪና ጋ ሄድኩ። አሪየት ጋቢና ውስጥ ተቀምጣለች። በመስኮቱ አንድ ሳሙና አቀበልኳት፤ ሌላ ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር። ተቀብላ እጇ ላይ ገለባበጠችው።

"በአባቴ አልጋ ሥር ስንት ሳሙና እንዳለ ታውቃለህ? ዘጠና አራት። ሁለት ዓመት ሙሉ ቆሻሻ ስለሆንኩ ነው የገዛሁት መሰለህ፣ ጓድ ነጋዴ?"

ሞተሩ ተነሳ። ልመልስ አፌን ስከፍት የወጣው "ሌላስ?" ነበር። እየሳቀች ሄደች። የጅማ ነጋዴዎችን ከዚያ በኋላ አልፈራሁም፤ ፈርቻለሁ፣ ግን ያን ያህል አይደለም።

ቅርንጫፏ የተተከለችው እንደ በትር ነበር፤ ለአራት ወር እንደ በትር ቆመች። እሁድ እሁድ እየሄድኩ አያታለሁ። በዚያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያናቸው ተዘግቶ ስለነበር የካፒቴን ጎረቤቶች እሁድ ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ዝቅ ባለ ድምፅ ይዘምሩ ነበር። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ፣ በትር አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ በማላውቀው ቋንቋ መዝሙር እሰማለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ እሁድ አልፏል፤ እንደዚያ ያለ ግን አላገኘሁም። አንድ ቀን የሞተች አይመስልዎትም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ካፒቴን በትሯን አዩ፣ እኔን አዩ። "አንተም ሁለት ዓመት እንደዚህ ነበርክ" አሉ።

ክረምቱ ሲገባ ሲስተር ደሴት ልትሰናበተኝ መጣች። ወደ ሌላ አገር ተዛውራለች። ጉቶውን ስታይ ደነገጠች። ከሊቀመንበሩ አንገት ጀምሮ ሁሉን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ መልኩን ለወጠና ዓይኗን ጠረገች። በአገሯ ለሚሄድ ሰው ሌይ ሳይሰጡ መሸኘት ትልቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። በከተማው ውስጥ ግን አንዲትም አበባ አልነበረችም፤ ሁሉንም ለመድረክ ሰጥቼዋለሁ። ከዘጠነኛው ጥቅል የቀረውን ክር ለክቼ ቆረጥኩ፣ በጨው ቋጠሮ ቋጠርኩና ባዶውን አንገቷ ላይ አጠለቅኩት። አበባው በኋላ ይደርሳል አልኳት። መኪናው ውስጥ ገብታ እስክትጠፋ ድረስ አየኋት፤ እኔ ቆሜ ነበርና አላወለቀችውም።

በትሯ ኋላ ቅጠል አወጣች፤ በዓመቱ ሚያዝያ ግን አበባ አልነበራትም። አሪየት ሥልጠናዋን ጨርሳ ጥቅምት ላይ ተመለሰች፤ ዛፏ ግን ገና ነበረች። አባቷን ለመንናቸው። መርከቡን ለመጫን ባሮ እስኪሞላ ወራት እንጠብቅ ነበር፣ ማንም አልሞተም አሉን። ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ አሪየት እየሮጠች ሱቅ መጣች። ሳሙና አልጠየቀችም። "አምስት" ብቻ አለች።

አምስት አበባ ሌይ አይሆንም። አሥራ አንድ ቀን ጠበቅን። ቀጠፍኩ፣ ወተቱን አሳደርኩ፣ ሰፋሁ፣ ቋጠርኩ። ካፒቴን አንገት ላይ አጠለቅኩት። ጠዋቱን ሙሉ አንገታቸውን በጥርጣሬ እየዳሰሱ ተቀመጡ። ምሳ ሲቀርብ አላሳከካቸውም። "እሺ" አሉ።

ዛፏ አሁን ከቤቱ ጣሪያ በላይ ናት። ለልጆቻችን ምረቃ፣ ለሠርጋቸው፣ ካፒቴንም ሲያርፉ ከእሷ ነው የሠራነው። ለሲስተር የሚሆነውም በየዓመቱ ሚያዝያ ያብባል፤ አድራሻዋን የሚያውቅ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ገቢ፦ አንዲት ሚስት፣ አንዲት ዛፍ፣ ዘጠና አምስት ሳሙና።

ዕዳ፦ ለሲስተር ደሴት አንድ ሌይ። ክሩ ደርሷል። አበባው ይቀራል።